ቅብ የማይነካቸው ቦታዎች

የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ከእርጥበት፣ ከአቧራና ከጨው እንዲጠበቅ ፊቱ ላይ ስስ መከላከያ ቅብ ይደረግለታል። ቅቡ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። እንዲያም ሆኖ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የውሃ ጠብታ መዳቡንና ብየዳውን እንዳያገኝ ይከላከላል። በጥቅሙ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ከዚያው ጥቅም በሚመጣው ጣጣ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ኤሌክትሪክ ማለፍ ባለበት ቦታ ከፈሰሰ ቦርዱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የሶኬት ጥርሶች፣ የባትሪ መቀመጫ፣ የማብሪያ ማጥፊያ ውስጠኛ ክፍል፣ ቦርዱ ከብረት አካሉ ጋር በብሎን የሚገናኝበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው ብረት የሚያልፍበት ገጽ፣ የእርጥበትና የግፊት ሴንሰሮች፣ ማይክሮፎን፣ እነዚህ ሁሉ ቅብ ሊነካቸው አይገባም።

ስለዚህ ከመቅባት በፊት መሸፈን አለ። ይህን ሥራ ማን ይሥራው፣ እንዴት ይሥራው፣ ጨርሶስ ማስቀረት ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። አንደኛው ወገን «ሽፋኑ በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ ይሠራ፤ ከዚያ ቅቡ በቀረው ቦታ ሁሉ ሳይሳሳ ይዳረስ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «እጅ የነካው ሥራ ስህተት አያጣም፤ ሽፋንን አላስፈላጊ የሚያደርግ ንድፍና ማሽን ይኑር» ባይ ነው። ከሁለቱ ራቅ ብሎ የቆመ ሦስተኛ ወገንም አለ። ሁሉም የሚናገሩት ከልምድ ነው፤ ሁሉም ለማስረጃ የሚያሳዩት የተበላሸ ቦርድ አላቸው።

መሸፈኛ ፕላስተር የተፈለሰፈው ለኤሌክትሮኒክስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባለ ሁለት ቀለም መኪና ፋሽን ሆኖ ሳለ፣ ቀለም ቀቢዎች ሁለቱን ቀለሞች የሚለይ ንጹሕ መስመር ማውጣት አቅቷቸው ይበሳጩ ነበር። የስሪ ኤም ኩባንያ ባልደረባ ሪቻርድ ድሩ ችግራቸውን አይቶ በ1925 ለዚሁ የሚሆን፣ ተለጥፎ ሳያበላሽ የሚነሳ የወረቀት ፕላስተር አወጣ። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚቀባ ባለሙያ መስታወቱንና ጎማውን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኖ ነው መርጫውን የሚያነሳው። የቦርድ ሽፋንም ሐሳቡ ይኸው ነው። ልዩነቱ በስፋቱ ላይ ነው፤ እዚህ መስታወቱ የጥፍር ግማሽ ያህላል፣ በአንድ ቦርድ ላይም ሃያና ሠላሳ ሊሆን ይችላል።

ሥራውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አቅልሎ አይናገርለትም። መዳፍ የሚያህል ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሠራተኛዋ እጇ ላይ ስታቲክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ማሰሪያ አድርጋለች። ቦርዱ ቀደም ብሎ በአልኮል ታጥቦ ደርቋል። ከብየዳ የተረፈ ፍላክስ ወይም የጣት ወዝ ስር ከቀረ እርጥበቱን እዚያው ይይዘዋል፣ ውሎ አድሮም ቅቡ ያብጣል። ቢጫ ቡናማውን የፖሊኢማይድ ፕላስተር በልክ ቆርጣ ሶኬቱን ዙሪያውን ትጠቀልለዋለች፤ ጠርዙን በቀጭን እንጨት ጫፍ ደጋግማ ትጫነዋለች። ቅቡ ሲረጭ ፈሳሽ ነውና ትንሽ ክፍተት ካገኘ ራሱ ተስቦ ይገባል። ለብሎን ቀዳዳዎች በልካቸው የተቆረጡ ክብ ተለጣፊዎች አሏት። ፕላስተር የማይመችበት ወጣ ገባ ቅርጽ ላይ ፈሳሽ ላቴክስ ታንጠባጥባለች፤ ሲደርቅ ጎማ ይሆናል። ቅቡ ከተረጨ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽፋኑን ቸኩላ ካነሳችው ገና ያልጠናው ቅብ ወደ ባዶው ቦታ ይፈስሳል፤ ዘግይታ ካነሳችው ቅቡ ከፕላስተሩ ጋር ተያይዞ ከቦርዱ ይላቀቃል።

መጨረሻ ላይ የክፍሉ መብራት ይጠፋና የአልትራቫዮሌት መብራት ይበራል። ቅቡ ውስጥ ለምርመራ የተጨመረ ነገር ስላለ የተቀባው ሁሉ በሰማያዊ ያበራል፤ ያልተቀባው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ተመርማሪው ቦርድ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይፈለጋል። አንዱ መቀባት ሲገባው የጨለመ ቦታ ነው፤ ሌላው መጨለም ሲገባው ያበራ ቦታ። ከሶኬቱ ጥርስ በአንዱ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ከታየ ቦርዱ አያልፍም።

በእጅ መሸፈንን የሚደግፉ ሰዎች ብዙ እውነት ይዘዋል። ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፕላስተር፣ ላቴክስ፣ ጥሩ ብርሃንና የሰለጠነ እጅ ካለ ይበቃል። ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ሰው መላ ያገኝለታል። ዛሬ አምስት፣ ነገ ሌላ ዓይነት ሰባት ቦርድ ለሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ሶኬቱ በደንብ የተሸፈነለት ባለሙያ በቀረው ቦታ ላይ እጁን ሳይቆጥብ መቀባት ይችላል፤ ቦርዱን ቅቡ ውስጥ መንከር እንኳ ይችላል። ቅቡ ከትልልቆቹ ክፍሎች ስር፣ ከጎናቸውና ከማዕዘናቸው ይደርሳል። ሶኬቱን እንዳይነካ እየፈራ የሚቀባ ሰው ግን ሳያስበው ከሶኬቱ አጠገብ ያለውንም ሳይቀባ ይተወዋል።

ጉዳቱም አይካድም። ጊዜ ይበላል፤ በብዙ ቦታ ከቅቡ ይልቅ መሸፈኑና ሽፋኑን ማንሳቱ ነው ሰዓቱን የሚወስደው። ፕላስተር በፍጥነት ሲላጥ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ይችላል፤ አንዳንድ ስስ ቺፖች ከ100 ቮልት በታች በሆነ ይጎዳሉ። የፖሊኢማይድ ፕላስተር ማጣበቂያ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ነው፤ ትንሽ ቅሪት ከተወ በዚያ ላይ የሚያርፈው ቅብ አይዝም፣ ይሸሻል። የወረቀቱ ፕላስተር ርካሽ ነው፣ ነገር ግን የቅቡ ማቅጠኛ ሰርጎ ያልፈዋል። ተፈጥሯዊ ላቴክስ ውስጥ የሚጨመረው አሞኒያ ደግሞ መዳብንና ነሐስን ይበላል፤ ለዚህ ነው አሞኒያ የሌለባቸው ዓይነቶች የተሠሩት። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው መርሳት ነው። ከሃያ ተለጣፊ አንዱ ሳይለጠፍ ቀርቶ፣ ወይም ተለጥፎ ሳይነሳ ተረስቶ ቦርዱ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ለብዙ ቦርድ የሚሆን መካከለኛ መፍትሔ በሶኬቱ ልክ ከሲሊኮን ጎማ የተቀረጸ ቆብ ነው። ይደረጋል፣ ይነሳል፣ ታጥቦ እንደገና ይሠራበታል። ፕላስተር የሚያባክነውን ደቂቃ ወደ ሴኮንድ ያወርደዋል። መጀመሪያ ቅርጹን ማሠራት ገንዘብ ይጠይቃል፣ አሮጌ ቆብም ሲላላ ያፈስሳል። ቢሆንም ተመሳሳይ ቦርድ በብዛት ለሚሠራ ሰው ወጪውን ይመልሳል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚገባውን ያህል ስሙ የማይነሳውም እሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን። ቀጭን አፍ ያለው መርጫ የያዘ የማሽን ክንድ በተሰጠው ፕሮግራም መሠረት የሚቀባውን ብቻ ይቀባል፤ የማይቀባውን ዘሎ ያልፋል። መሸፈን የለም፣ መላጥ የለም፣ መርሳት የለም። ሺህኛው ቦርድ ከመጀመሪያው አይለይም። ማሽኑን የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸውን የሚጀምሩት ግን ከማሽኑ በፊት ነው፤ ከንድፉ። ነዳፊው ሶኬቶቹን ሁሉ ወደ አንድ ጠርዝ ቢሰበስብ፣ በሚቀባውና በማይቀባው መካከል ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢተው፣ ያለ መታሸጊያ የሚገዛውን ሶኬት በታሸገ ቢተካ፣ መሸፈን የሚያስፈልገው ቦታ ራሱ ይጠፋ ነበር ይላሉ። የሠራተኛዋ ድካም ነዳፊው ከወራት በፊት ያላሰበው ነገር ውጤት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከእነሱ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ማሽኑ ራሱ ግን እንደሚወራለት ሁሉን አይችልም። ዋጋው ከመቶ ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ለእያንዳንዱ የቦርድ ዓይነት ፕሮግራም መጻፍና መሞከር አለ። ከላይ የሚረጭ መርጫ ረጅም ክፍል የጋረደውን ቦታ አይደርስበትም። ፈሳሽ ደግሞ ፕሮግራም አያነብም፤ ከሶኬቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ርቆ ያረፈ ቀጭን ቅብ በሁለት ክፍሎች መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት ተስቦ ሶኬቱ ድረስ ይሄዳል። ይህን ለማስቆም ብዙ ፋብሪካዎች ሶኬቱ ዙሪያ በወፍራም ማሸጊያ ግድብ ይሠራሉ። ግድቡ ቦርዱ ላይ ይቀራል፣ አይላጥም፤ ሥራው ግን መሸፈን ነው። ሽፋንን አስቀረን የሚሉት በአብዛኛው ሽፋኑን በሌላ መልክ አስገብተውታል።

ባዶ የቀረ ቦታ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች ትልቁ የጋላክሲ ፎር ሳተላይት ጉዳይ ነው። ግንቦት 19 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.) ንብረትነቱ የፓንአምሳት የነበረው ይህ ሳተላይት መቆጣጠሪያው ተበላሸና አቅጣጫውን ሳተ። በአሜሪካ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፔጀሮች ጸጥ አሉ፤ ሐኪሞች ጭምር በፔጀር ይጠሩ የነበረበት ዘመን ነበር። የመጠባበቂያው መቆጣጠሪያ ቀድሞ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ስለነበር መመለሻ አልተገኘም። ለዋናው መቆጣጠሪያ ብልሽት ምክንያት ተብሎ የተሰጠው የቆርቆሮ ጸጉር ነው። ንጹሕ ቆርቆሮ የተለበጠ ብረት ላይ ከጊዜ ብዛት ቀጫጭን የብረት ጸጉሮች ራሳቸው ያድጋሉ፤ ከጎረቤት እግር ጋር ሲነካኩ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ይስታል። የሠሪው የሂውዝ ማብራሪያ ለርዕሳችን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ጸጉሩ የወጣው ሰም መሰሉ መከላከያ ቅብ ክፍተት በነበረበት ቦታ ነው ተባለ።

ይህ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ይጠቀሳል። «አየህ፣ የቅብ ክፍተት ሳተላይት ይጥላል፤ ስለዚህ ሁሉንም ሽፍን አድርገህ ቀባ» ይላል አንዱ። «አየህ፣ በእጅ የሚሠራ ቅብ ክፍተት አያጣም» ይላል ሌላው። እኔ የምወስደው ትምህርት ከሁለቱም ጠበብ ያለ ነው። የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ባለሙያዎች ቆርቆሮ የተለበጡ ናሙናዎችን በዩሬታን ቅብ ሸፍነው ለዓመታት ተከታትለዋል። ቅቡ 50 ማይክሮን ያህል ውፍረት በነበረበት ቦታ ጸጉሮቹ ከስሩ ታፍነው ቀሩ፤ በሳሳበት ቦታ ግን ወጉት። እንግዲህ ቁም ነገሩ ውፍረቱ ላይ ነው። ፈሳሽ ቅብ ደግሞ የሚሳሳው በሹል ጠርዝና ሽፋኑ በተላጠበት ድንበር ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሐምሌ 1 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) እርሳስን ከአብዛኛው ኤሌክትሮኒክስ ካስወጣ ወዲህ የቆርቆሮው ጸጉር ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል፤ ቆርቆሮ ላይ የተጨመረ እርሳስ ጸጉሩን ይገታው ነበርና።

ፓሪሊን የሚባለው ቅብ ሲመጣ ደግሞ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል። ሚካኤል ሽቫርትስ እ.ኤ.አ. በ1947 ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኘው፣ በኋላም የዩኒየን ካርባይዱ ዊልያም ጎርሃም ለኢንዱስትሪ ያበቃው ይህ ቅብ አይረጭም፣ አይነከርም። ዱቄቱ ይተናል፣ በ680 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይከፋፈላል፣ ከዚያ አየር በተመጠጠለት ክፍል ውስጥ በጋዝ መልክ ገብቶ ባገኘው ገጽ ሁሉ ላይ እኩል ያርፋል። ለልብ ምት መቆጣጠሪያዎችና ሰውነት ውስጥ ለሚቀመጡ ሌሎች መሣሪያዎች ይመረጣል። ጋዝ ስለሆነ ግን አቅጣጫ አይመርጥም፤ ማሽን ዝለለው ሊለው አይችልም፤ ፕላስተር ጠርዙ ትንሽ ከተነሳ ስሩ ገብቶ ይቀባል። ሽፋኑ ጋዝ የማያስገባ መሆን አለበት፤ ሲነሳም ቅቡ በስለት ተቆርጦ ነው። ስለዚህ በጣም የረቀቀው ቅብ በጣም የተካነ እጅ ይጠይቃል። የእጅ ሥራ ኋላቀርነት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አላገኘሁም።

ሦስተኛውን ወገን በአጭሩ ላንሳ። ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጥ ስስ የፍሎሪን ቅብ አለ፤ ሶኬት ሲሰካ ጥርሱ ቅቡን ፍቆ ስለሚያልፍ መሸፈን አያስፈልገውም። ውሃን ያንከባልላል፤ ላብና ድንገተኛ ፍሳሽ ለሚያሰጋው ዕቃ በቂ ሊሆን ይችላል። ለፍትጊያ፣ ለቆርቆሮ ጸጉርና ለከፍተኛ ቮልት ግን አቅሙ አይፈቅድም። ቅብ ራሱ ይቅርና ሳጥኑን በጎማ ማሸግ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ሳጥኑ እስካልተከፈተ ድረስ እውነት ነው። በእኛ አገር ሳጥን ይከፈታል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ እንዳይመስል የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የሞተር መቆጣጠሪያና የባትሪ መቆጣጠሪያ ቦርድ በየመንገዳችን ላይ ነው፤ ክረምቱን፣ የጎርፉን ውሃና የበጋውን አቧራ ከመኪናው ጋር አብሮ ይቀበላል። ሌላው ከፍታችን ነው። በሁለት የኤሌክትሪክ እግሮች መካከል መኖር ያለበት የአየር ርቀት በዓለም አቀፉ መስፈርት የሚሰላው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል፤ በ3,000 ሜትር ርቀቱ በ1.14 መባዛት አለበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ። ለባሕር ጠረፍ ከተማ ታስቦ የተነደፈ ቦርድ እዚህ ሲመጣ ትርፍ ርቀቱ ቀንሶበት ነው የሚመጣው፤ በአቧራና በእርጥበት ላይ በአግባቡ የተቀባ ቅብ በዚህ ጊዜ ውለታው ይታያል። ግን ሽፋኑ ከልኩ አልፎ ከተለጠፈና ከፍተኛ ቮልት ባለባቸው ሁለት እግሮች መካከል ባዶ ቦታ ከተወ፣ ቅቡ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ሳይኖር ቀረ ማለት ነው። ሽፋን አለመርሳት ብቻ አይበቃም፤ ከሚገባው በላይ አለመሸፈንም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል።

የጥገና ባለሙያዎች ደግሞ በሌላ ጥያቄ ይከራከራሉ፤ መለኪያ የሚያርፍባቸው ነጥቦች ይሸፈኑ ወይስ ይቀቡ? ቦርድ ሲበላሽ ቴክኒሻን የመለኪያውን ሹል ጫፍ አስነክቶ ነው ቮልቱን የሚያነበው። ነጥቡ ከተቀባ ንባብ የለም፤ ፍቆ መግባት ይኖርበታል፣ የተፋቀው ቦታም እርጥበት የሚገባበት በር ይሆናል። ለጠጋኙ ነጥቡ ቢሸፈንና ባዶ ቢቀር ሥራው ይቀላል። አምራቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል፤ ባዶ የተተወ እያንዳንዱ ነጥብ ዝገት የሚጀምርበት ነው፣ መኪናው ተጠግኖ ሳይሆን ሳይበላሽ እንዲኖር ነው የምሠራው። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ የማዳላው ለጠጋኙ ነው፤ ምክንያቴ ያለንበት አገር ነው። አዲስ ቦርድ አውጥቶ መተካት በውጭ ምንዛሪ እጥረት የሚፈተን ነገር በሆነበት አገር የማይለካ ቦርድ የማይጠገን ቦርድ ነው። ነጥቦቹ ባዶ ይተዉ፤ ቦርዱ ከተሞከረ በኋላ በቀላሉ በሚሟሟ አክሪሊክ ይነጠቡ። አክሪሊክ በማቅጠኛ ይለቃል፤ ሲለካ ይነሳል፣ ሲያልቅ ይመለሳል።

ከጥገና በኋላስ? ብዙ ወርክሾፖች የተበየደውን ቦታ ሳይቀቡ ይመልሱታል። አንዳንዱ ደግሞ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን፣ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ይቀባበታል። ሽታው የአሴቲክ አሲድ ነው፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳቡን ይበላል። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ፣ አሲድ የማይለቅ ሲሊኮን አለ። እሱንም ቢሆን ያልታሸገ ሪሌይ አጠገብ ለመጠቀም ማሰብ ያስፈልጋል፤ የሲሊኮን ተን የሪሌዩ መጋጠሚያ በሚፈነጥቅበት ጊዜ ወደ መስታወታማ ብናኝ ተለውጦ መጋጠሚያውን ይዘጋል። ሪሌዩን ከላይ መሸፈን ለዚህ አይበቃም፤ ተኑ ዘግይቶም ይመጣል።

ፍርዴን እንዲህ እሰጣለሁ። በብዛት ለሚያመርት ሰው ማሽኑና አስቀድሞ የታሰበበት ንድፍ ያሸንፋሉ፤ በዚህ ላይ የእጅ ሥራ ወዳጆች መከራከሪያቸው ደካማ ነው። በጥቂቱ ለሚሠራና ለሚጠግን ሰው በእጅ መሸፈን ያሸንፋል፤ ማሽን ይግባልህ ማለት ሥራውን አቁም ማለት ነው። ሁለቱም ወገን ሊቀበለው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። መሸፈን ያልቻለ ሰው አይቀባ። ያልተቀባ ቦርድ በደረቅ ሳጥን ውስጥ ዓመታት ሊሠራ ይችላል፤ ሶኬቱ የተቀባበት ቦርድ ግን አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይበራል፣ ሲቆም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ብልሽት ቴክኒሻንን ለሳምንታት ያንከራትታል፤ ደንበኛው ደህናውን ሞተር እስኪያስቀይር ድረስ ይወስዳል።

ለምትገጣጥሙና ለምታስመጡ ወገኖች ጥያቄዬ አንድ ነው። የማይቀቡት ቦታዎች የተመለከቱበትን ሥዕል ከአምራቹ ጠይቁ፤ ፋብሪካው ቅቡን ሲያቅድ ያዘጋጀው ሥዕል ነው፣ ካልተጠየቀ ግን ከመኪናው ጋር አይመጣም። ከጥገና መመሪያው ጋር አብሮ ይምጣ፣ በየወርክሾፑም ይሰራጭ። ቅቡ የምን ዓይነት እንደሆነም ይጻፍበት፤ አክሪሊክ፣ ዩሬታን፣ ሲሊኮን፣ ኢፖክሲ ወይስ ፓሪሊን? አወጣጣቸው ይለያያልና ጠጋኙ ማወቅ አለበት።